ለፕላዝማው የተነሳች እጅ

አባቴ ልጆቹን ለሱቅና ለትምህርት ቤት ሲመድብ ጎበዙን ለሱቅ ሰጠ፤ እኔን ለትምህርት ቤት ተወኝ።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። አሁን ወልቂጤ በማስተምርበት ግቢ ያሉ ባልደረቦቼም ስቀው «አንቺ ደግሞ ራስሽን ዝቅ ማድረግ ትወጃለሽ» ብለውኛል። ትሕትና አይደለም። ወንድሜ የሚበልጠኝ በአንድ ዓመት ነው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አንደኝነቱን ለማንም አሳልፎ አልሰጠም። እኔ ደግሞ ካርድ በተሰጠ ቁጥር ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ይረዝምብኝ ነበር። መንደራችን ከቡታጅራ በእግር የሚደረስባት ናት፤ በካርድ ቀን ግን ዘቢዳር ተራራን ዞሬ የመጣሁ ይመስል ሲመሻሽ ነበር የምገባው።

የወንድሜ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት በመጣ ቀን አባቴ በርበሬ ሲሸጥ ውሎ ሲመለስ መምህሩ መንገድ ላይ አስቁመው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት። ደስታውን ይዞ ቤት ገባ። ጫማውን አወለቀ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«እንዲህ ያለ ጭንቅላት እዚህ ምን ይሠራል? መርካቶ ነው መሄድ ያለበት።»

«ልጁ የሚፈልገው መማር ነው» አለች እናቴ።

«ሱቅ ሞኝ አያስቀምጥም። ትምህርት ቤት ግን ማንንም ያስቀምጣል» አላት።

ያ «ማንንም» የተባለው ሰው እኔ ነበርኩ፤ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ በርበሬ እቀነጥስ ነበር። እናቴ አየት አደረገችኝና ወደ ምድጃዋ ዞረች።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ከአሁኑ ልናገር። አእምሮን የሚንቅም አልነበረም። እንዲያውም በልጆቹ ጉብዝና የሚኮራውን ያህል በሌላ ነገር ሲኮራ አይቼው አላውቅም። ግን ዕድሜውን ሙሉ ጥሩ ጥሩውን ዛላ ለሩቅ ገበያ እየጫነ፣ ተራውን ለሠፈር ገበያ የሚያወርድ ነጋዴ ነው። ልጆቹንም ያየው በለመደው ዓይን ነው።

ደግሞ ማስረጃው ከደጁ አይርቅም። በዚያን ጊዜ መንደራችን ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ወጣት ነበር። ነጭ ሸሚዙን አጥቦ ለብሶ መስጊዱ ግድግዳ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ ለሰላምታ ብቻ ይነሳል። አባቴ በአጠገቡ ሲያልፍ «አሰላሙ አለይኩም» ይለውና ጥቂት ራመድ ካለ በኋላ ራሱን ይነቀንቃል። በሌላ በኩል አጎታችን አለ፤ የእናቴ ወንድም። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ከተሸካሚነት ተነስቶ መርካቶ ውስጥ የቁልፍ፣ የዚፕና የክር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። በአረፋ ሲመጣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ብድግ ይሉለታል። አባቴ የተቀመጠውንና የሚነሱለትን አይቶ ፈረደ።

አጎቴ «አንድ ዓመት ብቻ ይርዳኝ፤ ሌላ ሰው እስካገኝ» አለ። ወንድሜም አምኖ ሄደ። በሄደበት ጠዋት የኮምፓሱን ሳጥን ሰጠኝ።

«እስክመለስ ያዥልኝ» አለኝ። «እንዳትነኪው ግን፤ ታበላሺዋለሽ።»

ነካሁት፤ አበላሸሁትም።

ከእሱ መሄድ በኋላ የከበደኝ ቤቱ አልነበረም፤ መንገዱ ነው። ድሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከፊት ከፊቴ እየተራመደ የትናንቱን ትምህርት ይጠይቀኝ ነበር። ስሳሳት ቀጥ ብሎ ይቆምና «ወይ አንቺ!» ይለኛል፤ እስክመልስ አይራመድም። በእኔ የተነሳ ስንት ቀን አርፍደን ተገርፈናል። ከሄደ በኋላ ያን መንገድ የምሄደው ዝም ብዬ ሆነ። ዝምታው ሲያስጠላኝ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ፤ የምጠይቀውም በእሱ ድምፅ ነበር። ስሳሳት ቆሜ «ወይ አንቺ!» እላለሁ። መንገደኛ ሰምቶኝ «ምን ነካት ይቺ ልጅ» ብሎ ያውቃል። ደረጃዬ ከፍ ማለት የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። ተማሪ የሆንኩት በናፍቆት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለእኛ ዓመቱ የሚቆጠረው በአረፋ ነው። አዲስ አበባ ያለውም፣ ጅማ ያለውም፣ የትም የተበተነው ሁሉ ለአረፋ አገር ቤት ይገባል፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለመስቀል እንደሚገቡት ማለት ነው። የሴቶች አረፋ በምንለው ዋዜማ እናቶች የጎመን ክትፎውንና ቆጮውን ያሰናዳሉ፤ በማግስቱ በሬው ይታረዳል። ሰው ሁሉ አንድ ላይ የሚገኘው በዚያ ሰሞን ብቻ ስለሆነ የቤተሰብ ጉዳይም የሚያልቀው ያኔ ነው። የተጣላ ይታረቃል፣ ልጅ ይታጫል፣ ማን ቤት እንደሚቀርና ማን እንደሚሄድ ይወሰናል። ሁሉ ከተባለ በኋላ አባት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ የተቀመጠው ሁሉ አሚን ይላል። አሚን የተባለበት ነገር ተመልሶ አይነሳም። የሚናገር ካለ ከዱዓው በፊት ነው፤ ከዚያ ካለፈ እስከሚቀጥለው አረፋ ሆድ ይፍጀው ነው።

በመጀመሪያው አረፋ ወንድሜ ቁመት ጨምሮ፣ ድምፁ ጎርንኖ መጣ። የኮምፓሱን ሳጥን ደብቄ ነው የተቀበልኩት። ሁላችንም አጎቴን እናያለን። አጎቴ ክትፎውን ጎርሶ «ሌላ ሰው ከየት ላምጣ? እንዲህ ያለ ልጅ ይገኛል እንዴ?» አለ። ሰው በስንፍናው ሲባረር አይቻለሁ፤ በጉብዝናው ሲታሰር ያየሁት ግን ወንድሜን ነው። አንድ ዓመት ተጨመረ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አሚን አልን።

በሚቀጥለው ዓመት እኔ ቡታጅራ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ፕላዝማ የመጣውም ያን ሰሞን ነው። ለማያውቀው፣ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ሰዓቱ ሲደርስ መምህራችን ቁልፉን ይከፍታሉ፤ አንዲት ቆንጆ ሴት ብቅ ትልና ጆሯችን በማያውቀው እንግሊዝኛ ፊዚክስ ታስተምረናለች። እሷ ስትጨርስ ሌላው መጥቶ ሒሳብ ያስተምራል። መምህራችን ጥግ ላይ ሪሞት ይዘው ይቆማሉ። «እኔ እንግዲህ በር ከፋች ሆኛለሁ» ይሉ ነበር፤ እየሳቁ ነው የሚሉት፣ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሴትየዋ ጥያቄም ትጠይቃለች። ጠይቃ ፈገግ ብላ ትቆማለች፤ ትንሽ ሙዚቃ ይሰማል፤ ከዚያ መልሱን ራሷ ተናግራ «በጣም ጥሩ!» ትለናለች። ክፍሉ ውስጥ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። መጀመሪያ ሰሞን በሳቅ እንፈርስ ነበር፤ ኋላ ለመድነው።

ፊት ዴስክ ላይ የሚቀመጡት የከተማ ልጆች ናቸው፤ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የመምህራን፣ የሆቴል ባለቤት ልጆች። ቤታቸው ቴሌቪዥን ስላለ እንግሊዝኛውን ጆሯቸው ለምዶታል፤ ያልገባቸውን ማታ የሚነግራቸው አባት አላቸው። ከገጠር በእግር የምንመጣው ስንደርስ የቀረው የኋላው ዴስክ ብቻ ነው። ከዚያ ሲታይ ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል። አንዱን መስመር ሳንገለብጥ ሌላው ይመጣል። ባለሥልጣን ሊጎበኝ ሲመጣ «ትምህርቱ አዲስ አበባም ቡታጅራም እኩል ነው» ብሎን ነበር። እውነቱን ነው፤ ያቺ ሴት ለማንም አታዳላም። ማንንም አታይም።

ያን ዓመት ጥምቀትና አረፋ ጎን ለጎን ዋሉ። ወንድሜ በመጣ ማግስት የጠየቀኝ የመጀመሪያው ነገር ስለ ፕላዝማ ነው።

«ቴሌቪዥኑ ያስተምራል የሚሉት እውነት ነው?»

«ያስተምራል። ተማሪው ነው የጠፋው» አልኩት።

«ልየው።»

«አብደሃል? ዩኒፎርም ከየት ታመጣለህ?»

የጎረቤታችን ልጅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ገና ከጥምቀት ጭፈራ አልተመለሰም። እናቱ የልጃቸውን ሹራብ ሰጡን፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። እጅጌው ለወንድሜ ቢያጥርም ከኋላ ሲታይ ያው ተማሪ ነው። የበሩ ዘበኛ ሹራቡን እንጂ ፊቱን አላዩም። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ፤ እሱ ግን ቤቱ የገባ ያህል ሰተት ብሎ ገባ። አንድ ዴስክ ላይ ተጨናንቀን የምንቀመጥ ስለሆነ አንድ ሰው ቢጨመር የሚቆጥር የለም። ከአጠገቤ ተቀመጠ። ዴስኩን በመዳፉ ሲያብሰው አየሁት፤ አቧራ አልነበረበትም።

ፊዚክስ ነበር። ሴትየዋ የምትለው ከግማሽ በላይ አይገባውም፤ ግን ሥዕሉን አፍጥጦ ያያል። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ድንጋይ ከአንድ ከፍታ ላይ ቆመዋል። ቢለቀቁ የትኛው ቀድሞ መሬት ይደርሳል? ሴትየዋ ጠየቀችና ፈገግ ብላ ቆመች። ሙዚቃው ተጀመረ።

ወንድሜ እጁን አወጣ።

ክንዱን እስከ ላይ ድረስ ነው የዘረጋው፤ ያጠረው እጅጌ ወደ ክርኑ ሸሸ። መጀመሪያ አጠገባችን ያለችው ልጅ ሳቀች፤ ከዚያ ዴስኩ፣ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ፊት ያሉት የከተማ ልጆች ዞረው አዩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሹራቡን ጎትቼ «አውርድ!» አልኩት። አላወረደም።

መምህራችንም ፈገግ አሉ። «የኔ ልጅ፣ እሷ አታይህም» አሉት።

«መምህር፣ እርስዎ ያዩኛል ብዬ ነው» አላቸው።

መምህሩ ሪሞቱን አዩት፣ ወንድሜን አዩት። ከዚያ ሴትየዋ «በጣም ጥሩ!» ልትል አፏን ስትከፍት ድምፁን አጠፉባት።

«እሺ፣ ንገረን።»

«እኩል ነው የሚደርሱት። ንፋሱ ካልከለከላቸው» አለ ወንድሜ።

«ለምን?»

አብራራ። እንዴት እንዳብራራ አሁን አላስታውስም፤ ያን ጊዜም አልሰማሁትም። የማስታውሰው ድምፁን ነው። ፕላዝማ ከገባ ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ለጥያቄ መልስ የሰጠ የሰው ድምፅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መምህሩ ጥግ ላይ ከቆሙበት ወጥተው እስከ መካከለኛው ረድፍ መጡ፤ ሌላ ጠየቁት፣ መለሰ። ሴትየዋ ከኋላቸው ድምፅ ሳይኖራት አፏን ታንቀሳቅሳለች። በመጨረሻ «አዲስ ነህ እንዴ?» አሉት፤ እኔ ቀደም ብዬ «ከሌላ ሴክሽን ነው» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ አላመኑኝም፣ ግን አለፉት።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ አንዴ ከፊቴ፣ አንዴ ከኋላዬ ይሄድ ነበር፤ ደስታው የሚሄድበትን አሳጥቶታል። ዱላ የያዙ ሽማግሌ ሲያልፉን ዝም ብሎ ሮጦ ጨበጣቸው። በማግስቱም ልሂድ አለ፤ ሹራቡን ግን ባለቤቱ ለበሰው። በሳምንቱ መጨረሻ አጎቴን ተከትሎ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተመለሰ። እኔ ከዚያ ወዲያ የኋላው ዴስክ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር በቀኜ በኩል ያለው ቦታ ቢሞላም ባዶ ይመስለኝ ነበር።

መምህሩ አልረሱትም። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ጠሩኝ። «ያ ከኋላ የነበረው ልጅ ቀረ?» አሉኝ። መዋሸቱ ሰለቸኝና ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከመጨረሻው ሰሙኝና «ሱቅ ውስጥ» አሉና ወደ መምህራን ክፍል ሄዱ። በዓመቱ ግን፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ሆኜ አረፋ ሲቃረብ፣ ራሳቸው ክፍሌ ድረስ መጡ። ከዳይሬክተሩ ጋር ተነጋግረዋል። የሚኒስትሪ ውጤቱን ይዞ ከመጣ በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ይመዘገባል። «የሚቀረው የአባትሽ ፈቃድ ብቻ ነው» አሉኝ።

ወንድሜ ለሦስተኛው አረፋ ሲመጣ አውቶቡስ መውረጃው ድረስ ሄጄ ነው የተቀበልኩት። ከሰው ገለል እስክንል አላስቻለኝም፤ መንገድ ላይ ነገርኩት። የያዘውን ዕቃ መሬት አስቀመጠ። «ወላሂ በይ» አለኝ። ወላሂ አልኩ። ቀና ብሎ ወደ ዘቢዳር በኩል አየ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስላየሁት እኔም ወደዚያው አየሁ።

«እኔ ነኝ የምናገረው» አለኝ። «ከምግብ በኋላ፣ ሁሉም ባለበት። አንቺ ዝም ትያለሽ።»

«እሺ።»

«ወላሂ በይ።»

ደግሜ ወላሂ አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሊናገር ያሰበውን ሲለማመድ አየሁት፤ በሬው ሲታረድ እግሩን ይዞ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ለአባቴ የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኝ። «አባ፣ ሱቁን አልጠላሁትም። ትምህርት ቤቱ ግን እኔን የሚጠይቀኝ ነገር አለው» ነበር የሚለው።

ቀኑ ደረሰ። ተበላ፣ እጅ ተታጠበ። አባቴ፣ አጎቴ፣ ሁለት የአባቴ ታላላቆች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እኛ ወደ በሩ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። አጎቴ ግን ቀደመው፤ ታላቅ ስለሆነ የሚያግደው የለም።

«እኔ የምለው አለኝ» አለ። ሌላ ሱቅ ሊከፍት ነው። የድሮውን ሱቅ ለወንድሜ ሊሰጠው ነው፤ በሠራተኛነት ሳይሆን በሽርክና። «እኔ ወንድ ልጅ የለኝም። ይህን ልጅ አላህ ነው የሰጠኝ» አለና ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ቤቱ ውስጥ የነበረውን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። የአባቴ ታላላቆች «አላሁ አክበር» አሉ። በዚያ ዕድሜ የሱቅ ሸሪክ የሆነ ልጅ በመንደራችን ታይቶ አይታወቅም። አባቴ የእግሩን ጣቶች እያየ ቆየ፤ ቀና ሲል ፊቱ ርሷል። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባ…» አለ ወንድሜ።

አባቴ ሊያመሰግን መሰለው። «አይ ልጄ፣ ምስጋናው ለአላህ ነው» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ።

እጅ ከተዘረጋ ወሬ የለም። ሁላችንም ዘረጋን። አባቴ መረቀ፤ ያን ያህል ረጅም ምርቃት ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። የነካኸው ይባረክ፣ በመርካቶ ሰው ሁሉ ፊት ያስከብርህ፣ ደጅህ ሰው አይጣ አለው። በእያንዳንዱ መሐል አሚን እንላለን። ወንድሜን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ሁለት ቀን ሲለማመድ እንደነበረው ይንቀሳቀሳል፤ የሚለው ግን አሚን ነው። እኔም አሚን አልኩ። አባት እየመረቀ ሌላ የሚባል ነገር የለም።

ደጅ ወጥቶ ለሶላት ሲታጠብ ተከተልኩት። «ነገ ንገረው» አልኩት። «እኔ አብሬህ እሆናለሁ።»

«አሚን ብያለሁ እኮ» አለኝ። እግሩን ታጥቦ ጨረሰ።

የኮምፓሱን ሳጥን አምጥቼ ሰጠሁት። ከፍቶ አየው፤ የላላውን ብሎን በጥፍሩ አጠበቀው፤ አንዴ አየር ላይ ክብ ሠራበት። ከዚያ ዘግቶ መለሰልኝ። «ያንቺ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። እኔ አሥረኛን አለፍኩ፣ መሰናዶ ገባሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። የደረሰኝ ትምህርት ደግሞ ሰው ከሰው ለምን እንደሚበላለጥ የሚያጠናው ነው፤ አላህ ሳይስቅብኝ አልቀረም። አሁን የማስተምረውም እሱኑ ነው። በየዓመቱ ትምህርትና የኑሮ ልዩነት የሚለው ምዕራፍ ላይ እንደርሳለን። ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። አንዱ ወገን ትምህርት ቤት መሰላል ነው፤ የድሃውን ልጅ ያወጣል ይላል። ሌላው ወንፊት ነው፤ ያለውን ከሌለው እንደነበሩ ለይቶ ያስቀምጣል ይላል። ተማሪዎቼ ሁለቱንም ይገለብጣሉ፤ ፈተና ላይ ሁለቱንም አሳምረው ይጽፉልኛል። የፊትና የኋላ ዴስክ ሲነሳ ራሴን አያለሁ፤ ወንድሜ የት እንደሚገባ ግን እኔም አላውቅም። ድሃ ሆኖ አልቀረም። ስንፍና አላስቀረውም። የሚጠላውም ሰው አላስቀረውም። መሰላሉ ሥር ደርሶ ሳለ፣ የሚወዱት ሁሉ ከበው መርቀው ነው በሌላ መንገድ የሸኙት።

አሁን ኑሮው ከእኔ በእጅጉ ይሻላል። ለወላጆቻችን የግንብ ቤት የሠራው እሱ ነው። አባቴ «ሁለቱም ተሳካላቸው» ይላል፤ ማን ይሰማኛል ብዬ እከራከረዋለሁ? እንዲያውም ልክ ነው። ወንድሜ ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። የምናፍቀው እኔ ነኝ። ያን አጭር ሹራብ የለበሰ ልጅ እናፍቀዋለሁ። በሕይወት ያለ፣ በየሳምንቱ በስልክ የማወራው ሰው እንደ ሞተ ሰው ይናፈቃል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ደወለልኝ። ወልቂጤ ነኝ አለኝ፤ አገና ለሚገኝ ደንበኛው ዕቃ ሊያደርስ እየሄደ ነው። ክፍል ልገባ ስል ነበር።

«ና ግባና ቁጭ በል፤ ስጨርስ አብረን ምሳ እንበላለን» አልኩት።

«ይቻላል?»

«ፕላዝማ ክፍል ድረስ የገባህ ሰው ዛሬ ፈራህ?»

በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። መጣ። ጃኬቱን አጥፎ ጭኑ ላይ አድርጎ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ ስልኩን አጠፋ። ተማሪዎቹ የአንዱ አባት መስሏቸው ነው መሰል ዞር ብለው አላዩትም። የዕለቱ ምዕራፍ ያ ነበር። ሆን ብዬ አይደለም፤ ተራው ደርሶ ነው። ሁልጊዜ የምጀምርበትን ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ ከቤታችሁ ልጆች መካከል እናንተ ለምን ተመረጣችሁ?

አንዱ ከአረቅጥ የመጣ ልጅ «ጎበዝ ስለነበርኩ» አለ። አንዲቱ «የመጨረሻ ልጅ ነኝ፤ ሥራው በእህቶቼ ትከሻ አለቀ» አለች። ሳቁ፣ ተነጋገሩ። ከዚያ እስከዚያ ቀን ጠይቄው የማላውቀው ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«ያልተመረጠውስ? እሱ ምን ይላል?»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወደ ኋላ አየሁ። ወንድሜ ቀጥ ብሎ እያየኝ ነበር። ቀኝ እጁ ዴስኩ ላይ ነው፤ መዳፉ ቀስ ብሎ እንጨቱን ያብሳል። ጣቶቹ ተነሱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ጠበቅኩ። የፕላዝማዋ ሴት ጠብቃ የማታውቀውን ያህል ጠበቅኩ። ከፊት ያለች ተማሪ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ሰዓቱ አለቀና ተማሪዎቹ ተነሱ።

«መልሱን ታውቀው ነበር» አልኩት በሩ ላይ።

«የጠየቅሽው ተማሪዎችሽን ነው እኮ» አለኝ። ጃኬቱን ለበሰ፣ ስልኩን ከፈተ። ደንበኛው አገና ላይ እየጠበቀው ስለነበር ለምሳም አልተቀመጠም።

መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ድረስ ቆሜ ሸኘሁት። ያቺን እጁን ክፍል ውስጥ ቢያነሳት ኖሮ አየው ነበር።